የነፍስ አባት በድንገተኛ ክፍል

ወረታ ውስጥ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው የለም። ነርስ ወለተ ሐና በድንገተኛ ክፍል ስድስት ዓመት ስትሠራ «ሲጋራ ያጨሳሉ?» ብላ ያልጠየቀችው በሽተኛ የለም፤ መልሱ ሁሌም «ኧረ በስመ አብ!» ነው። ከሆስፒታሉ በር ማዶ በፍሬ የሚቸረቸረውን ሲጋራ እንግዲህ የሚገዛው የፎገራ ላም ይሆናል።

ደስታው የሚባለው በሽተኛም ያው ነው። ትንፋሹ እንደ ተቀደደ ወናፍ እያፏጨ የመጣ የሩዝ መፈልፈያ ሠራተኛ ነው፤ ከጎኑ የነፍስ አባቱ አባ ዓለምብርሃን መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። ሌላው በሽተኛ ሚስቱን ይዞ ይመጣል፤ እሱ ጸሎት ይቅደም ብሎ በዓለም ላይ አብልጦ የሚፈራቸውን ሰው ይዞ መጣ።

«ያጨሳሉ?»

«እኔ? የገለባው አቧራ ነው እንጂ!»

«ጣትዎንስ ምን ቢጫ አደረገው?»

«እርድ።»

ዘንድሮ ሲመጣ ሦስተኛው ነው። ማጨሱን ካልተወ አራተኛው በቃሬዛ እንደሚሆን ወለተ ሐና አልጠፋትም። አባን ደግሞ ውጡልኝ አትላቸውም፤ የመሪጌታ ልጅ ናት፣ ደንቡን ታውቃለች። እስክሪብቶዋን አነሳች።

«እንግዲህ አቧራው ከሆነ መፈልፈያ ቤት መግባት ቀረ። ለአሠሪዎ ዛሬውኑ ደብዳቤ ይጻፋል።»

ደስታው እስክሪብቶውን አየ፤ መስቀሉን አየ። ያጠለቀችለትን የኦክስጅን ጭምብል ከአፉ ገለጥ አደረገ።

«አንዳንድ ጊዜ... በቀን ዐሥር።»

ደስታው ግድግዳውን ያጠና ጀመር።

«ለእኔ ስንት ዓመት ጾም መግደፍህን ብቻ ስትነግረኝ ኖርህ?» አሉ አባ። «በል፣ ይኸም ንስሐ ነው፤ ተቀብያለሁ። ሲጋራውን ትተወዋለህ፤ በቀን አርባ ትሰግዳለህ።»

«አባ፣ ስግደቱስ አይሆንም» አለች ወለተ ሐና። «ቁጭ ብሎም መተንፈስ አልቻለ።»

«እሱ ካልቻለ እኔ እሰግድለታለሁ።»

ሰባን ያለፉ ሰው ናቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው በሁለት አልጋ መካከል ለስግደት ወደቁ፤ ጉልበታቸው እንደ ደረቅ እንጨት ተንቋቋ። አጠገባቸው የተኛው እግሩ የተሰበረ በሽተኛ እንኳ ማቃሰቱን ተወ።

«ኧረ አባ! በሚካኤል ይተዉ!»

«አንተ ስትተው እተዋለሁ።»

ደስታው ከኮቱ ኪስ ፓኮውን መዝዞ የወለተ ሐና ትሪ ላይ ጣለው። አባ ቀና ብለውም አላዩት።

«ሦስት» አሉ ከወለሉ፣ ስግደታቸውን እየቆጠሩ። «የሌላኛው ኪስስ?»