ግድግዳው ላይ የምትስቀው ሴት

«ትምህርት ቤታችንን በአዲስ መንፈስ…» ስትል የጥርስ ሽፋኗ ከአፏ ወልቆ የያዘችው የሻይ ብርጭቆ ውስጥ ገባ። ምክትል ርዕሰ መምህርቷ ከሰዓት በኋላ ለርዕሰ መምህርነት ቃለ መጠይቅ አለባት፤ ከመስታወቱ ፊት ቆማ መልሷን እየተለማመደች ነበር።

ባሏ ካልሲውን እየጎተተ፣ «ደግሞ?» አላት።

«ደግሞ!» ሽፋኑን በማንኪያ አወጣችው። ከፊት ጥርሷ የቀረው የተሞረደ ጉቶ ብቻ ነው። «ሦስተኛው መሆኑ ነው። ዛሬስ ሌላ ሐኪም ጋ ነው የምሄደው።»

«ኧረ በፈጠረሽ! እህቴ ብትሰማ ልጄን ናቁብኝ ብላ አገር ይያዝልኝ ነው የምትለው። ለልጁ ልደውልለት፣ ያለ ወረፋ ያስገባናል።»

ልጁ የእህቱ ልጅ ነው። ሕፃን ሳለ የድመት እግር በጨርቅ ጠቅልሎ ስላሰረ ቤተሰቡ «ዶክተርዬ» ብሎ ሰየመው። ድመቷ ከዚያ ወዲህ ስታነክስ ኖረች፤ ይህን ያስታወሰ ግን የለም። አድጎ የጥርስ ሐኪም ሲሆን የዘመዱ አፍ ሁሉ የእሱ ሆነ። ይህ ቤተሰብ ከሚያኮርፍ እህት የሚወልቅ ጥርስ ይሻለዋል። ሴትዮዋ ዛሬውኑ የሚቀበላት ሌላ ሐኪም ማግኘት እንደማትችል ስለምታውቅ ሄደች።

የክሊኒኩ ተጠባባቂ ክፍል ግድግዳ ላይ ፎቶዋ በትልቅ ፍሬም ተሰቅሏል። ሽፋኑ የተገጠመላት ዕለት የተነሳችው ነው፤ ሠላሳ ሁለት ጥርሷን አውጥታ ትስቃለች። ከሥሩ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

ዶክተርዬ አፏን ከፍቶ አየ። «እትዬ፣ ምን በልተሽ ነው?»

«ሻይ ነው የጠጣሁት።»

«ትኩስ ነበራ!»

ጥፋተኛው ተገኘ። ባለፈው ዳቦው ነበር፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ማስነጠሷ። ዶክተርዬ ማጣበቂያውን ለቅልቆ ሽፋኑን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው።

«በቃ፣ አለቀ። ብቻ እስከ ማታ ጮክ ብለሽ እንዳትናገሪ። እንዳትስቂም።»

«ቃለ መጠይቅ አለብኝ እኮ!»

«ባጭር ባጭሩ መልሺያ።»

«እንደውም ቁም ነገረኛ ትመስያለሽ» አለ ባሏ ከጥግ።

ፊቷን ወደ ዶክተርዬ መለሰች። «አንተ ልጅ፣ እውነቱን ንገረኝ። ጥርሴን ስትሞርደው አሳጥረኸዋል አይደል? ሽፋኑን የሚይዘው ነገር የለም።»

ዶክተርዬ ጓንቱን ማውለቅ ጀመረ። «ትንሽ… አዎ። ግን እትዬ፣ ሌላ ጋ ሄደሽ እንዳታሳዪው። ስሜ ይጠፋል።»

ወደ ባሏ ዞረች። «ባለፈው ወር የመንጋጋ ጥርስህን ያስሞላኸው የት ነው?»

ባሏ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። «የኔማ… ሕመሙ ከባድ ነበር።»

ዶክተርዬ አጎቱን ገላመጠው። ሴትዮዋ ትናደዳለች ብላ ጠብቃ ነበር፤ ንዴቱ አልመጣም። ናቀችው። ለእህቱ ኩርፊያ የሷን አፍ ገብሮ የራሱን በድብቅ ሌላ ጋ ያሳከመ ሰው እንኳን ሊያናድዳት፣ ቦርሳዬን ያዝልኝ ልትለውም አልፈለገችም።

ወደ ተጠባባቂው ክፍል ስትወጣ ሽማግሌው ፎቶውን አዩ፣ እሷን አዩ።

«አንቺ ነሽ እንዴ ልጄ? እኔም ለፊት ጥርሴ ነው የመጣሁት። ደህና ይሠራል?»

ከኋላዋ ባሏ ጉሮሮውን ጠረገ። ዶክተርዬ በሩ ላይ ቆሞ ፈገግ ብሏል። ሽፋኑን በምላሷ ነካ አደረገችው፤ ተነቃነቀ። «አዎ» ብላ ብትወጣ ማንም አይቀየማትም። ከዚያ ስንት ዓመት ለጠበቀችው ወንበር ጠያቂዎቿ ፊት ተቀምጣ፣ እንደተቀጣ ተማሪ አፏን ገጥማ «አዎ»፣ «አይደለም» ስትል ታያት።

ሽፋኑን በሁለት ጣቷ ሳብ አደረገችው፤ ሳይታገላት ወጣ። ከዚያ ልክ እንደ ፎቶዋ ሳቀች።

«ይኸው አባባ፣ ራስዎ ይዩት።»

ሽማግሌው አዩና ባርኔጣቸውን አድርገው ተነሱ።

«ምን ጉድ ነው የሠራሽኝ!» አለ ባሏ። «አሁን ለእህቴ ምን ልበላት?»

«ሕመሙ ከባድ ነበር በላት።»

ሽፋኑን መዳፉ ላይ አኖረችለትና ወጣች። መንገድ ላይ ንግግሯን ከመጀመሪያው ጀመረችው። በክፍተቱ በኩል ትንሽ ያፏጫል፤ ቢሆንም ድምፅዋን አልቀነሰችም።