ከሐዘን ያልወጣ ፊት

መምህርቷ ባሏን ለዓመታት አስታማ ቀብራዋለች። አልቅሳ ወጥቶላት ወደ መዋዕለ ሕፃናት ሥራዋ ከተመለሰች ቆይታለች። ፊቷ ግን እንቢ አለ። ጉንጮቿ ወርደው የከንፈሯን ዳርና ዳር ቁልቁል ስበውታል። ዝም ብላ በተቀመጠች ቁጥር "ምነው፣ ምን ሆንሽ?" ይሏታል። "ደህና ነኝ" ስትል ደግሞ "አይዞሽ" ብለው ትከሻዋን ያሻሹላታል። ይሄ "አይዞሽ" አንጀቷን አሳረረው።

አንድ ጠዋት ተረት እያነበበች ሳለ፣ ከፊት የተቀመጠች ሕፃን "ቲቸር፣ ማን ነው ያስቀየመሽ?" አለቻት። ተረቱ የሚያስቅ ነበር። መምህርቷ ተረቱን እስከ መጨረሻው አነበበችና በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሄደች።

ሐኪሟ ቁጥብ ሴት ናት። የመምህርቷን ጉንጭ በጣቶቿ ዳሰሰች።

"ከጆሮዎ ፊት ቆዳውን ትንሽ እቀድዳለሁ፤ ከቆዳው ሥር ያለውን ወደ ላይ ስቤ እሰፋዋለሁ። የማደነዝዘው ቦታውን ብቻ ነው፣ እየሰሙኝ ነው የምሠራው። ያብጣል፣ ይበልዛል። የሃያ ዓመት ልጅ ግን አላደርግዎትም።"

"የሃያ ዓመት ልጅ ሆኜ ምን ልሠራ? ያለቀ ሐዘን ነው ፊቴ ላይ የቀረው፤ እሱን ያንሡልኝ።"

"እስቲ ያስቡበት።"

"አስቤ ነው የመጣሁት።"

የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆነው ልጇ ይህን ሲሰማ ሹካውን ቁጭ አደረገ። "እማዬ፣ አብደሻል? ባል ፈለገች ነው የሚሉሽ!"

"ባል ብፈልግማ በዚሁ ፊቴም አላጣም ነበር።"

ሳቁ ሊያመልጠው ሲል ዋጠው። "አባዬ የሚያውቀውን ፊት ልትቀይሪ ነው?"

ይሄኛው ጠልቆ ተሰማት። "አባትህ የሚያውቀው ይሄን አይደለም። ይሄ እሱ ታሞ ከተኛ በኋላ የመጣ ነው" አለች።

"እኔ አልወስድሽም።"

"ታክሲ ሞልቷል።"

በቀጠሮዋ ቀን ብቻዋን ሄደች። መብራቱ ዓይኗን ሲወጋት፣ መርፌው ጉንጯን ሲቆነጥጣት፣ የአልጋውን ጠርዝ ጨምድዳ ያዘች።

"እንተወው?" አለች ሐኪሟ።

"ይቀጥሉ።"

ከዚያ በኋላ ሕመም አልነበረም፤ መሳብና መጎተት ብቻ። ክሩ ጆሮዋ ሥር ሲሾልክ ድምፁ ይሰማት ነበር።

ስትወጣ ልጇ የሥራ ቱታውን እንደለበሰ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። በፋሻ የተጠቀለለ ጭንቅላቷን አየና ፊቱን አዞረ። "አሁንም አልተስማማሁም። ግን ብቻሽን አትሄጂም" ብሎ ክንዷን ያዘ።

ፊቷ አብጦ ወይን ጠጅ መሰለ። መስታወት ፊት ቆማ "ምን ነካኝ!" ያለችበት ቀን ነበር፤ ለልጇ ግን ትንፍሽ አላለችም። እሱ እያጉረመረመ በረዶ በፎጣ ጠቅልሎ ያቀብላታል፣ ሾርባ ያሞቅላታል።

እብጠቱ ሲጎድል የከንፈሯ ዳር ከወደቀበት ተነሥቶ ተገኘ። የዓይኗ ሥር መስመሮች እንዳሉ ናቸው፤ የግራ ጆሮዋ ጫፍም ከድንዛዜው ገና አልነቃም። ልጇ ቁርስ ላይ ቀና ብሎ አፍጥጦ አያት።

"ምን ያስቅሻል?"

"አልሳቅሁም። ዝም ብዬ ነው።"

ጎንበስ ብሎ ሻዩን ማማሰል ቀጠለ፤ ስኳር ግን አልጨመረበትም ነበር።

በመጨረሻው ቀጠሮ ሐኪሟ ጠባሳውን አይታ ተደሰተች። "ወደፊት አንገትዎንም ትንሽ ብናነሣው ያምራል" አለቻት።

"አንገቴ ዕድሜውን ይናገር፣ እውነቱን ነው" አለች መምህርቷ። ከዚያ የከሰዓት ክፍሏ እንዳይረፍድባት ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።