ማማ ሞተ

የእህቴ ባል አማርኛ ሲናገር ወንድና ሴት አይለይም። እህቴን «አንተ» ይላታል፣ አለቃውን «እሷ» ይለዋል። ስለዚህ ማለዳ ደውሎ «ማማ ሞተ» ሲለኝ፣ ያረፉት እናቱ ናቸው ብዬ ተቀበልኩት።

አባቴ የምን ማማ እንደሆነ ጠየቀኝ። ልጅነቱን እህል ከወፍ ሲጠብቅ ስላሳለፈ፣ ለእሱ ማማ ማለት በእንጨት ላይ የቆመ መጠበቂያ ነው። እናቴ እማማ ለማለት እንደሆነ፣ ሐዘኑ ፊደል እንዳስዋጠው ነገረችውና ነገሩ ተዘጋ።

የሞቱት እንግዲህ ልብስ ሰፊዋ የእህቴ አማት ናቸው። ጡረታ የወጣው ጠበቃ አጎቴ የማጽናኛውን ንግግር እንዲያደርግ ተመረጠ። መንገዱን ሙሉ ታክሲ ውስጥ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር።

በሩን የከፈቱልን ሟቿ ራሳቸው ናቸው። ጥቁር ለብሰዋል። እናቴ የበሩን መቃን ይዛ ቀረች። አባቴ እንደምን አደሩ አላቸው።

እህቴ ከኋላቸው ብቅ ብላ በሹክሹክታ አስረዳችን። ባሏ ደንግጦ በራሱ ቋንቋ ነው የተናገረው፤ በእነሱ ቋንቋ ማማ አባት ነው። ያረፉት ሊፍት ጠጋኙ አማቷ ናቸው። እኚህን ሰው ለሰላምታ ራሳቸውን ነቅነቅ ሲያደርጉ እንጂ ሲናገሩ ሰምተን አናውቅም።

ተቀመጥን። አጎቴ ያለው አንድ ንግግር ብቻ ነው። ላብ በላብ ሆኖ ተነሣና ያንኑ ጀመረ። አንቱታ ደግነቱ ወንድና ሴት አይለይም፤ ደግ ነበሩ፣ ቤታቸው ለሰው ሁሉ ክፍት ነበር፣ ልጆቻቸውን በወግ አሳደጉ እያለ ብዙ መንገድ ሄደ። አማቻችን ቃል በቃል ይተረጉማል። ሴትየዋ አንገታቸውን ደፍተው ያዳምጣሉ። መጨረሻ ላይ ግን ምላሱ ቀደመውና፣ የሠፈሩን ሙሽሮች ሁሉ ቀሚስ የሰፉ ባለሙያ ነበሩ አለ።

ሴትየዋ ቀና አሉ። የመለሱትን ልጃቸው ተረጎመልን።

«ሁሉም እውነት ነው። የምሰፋው ግን እኔ ነኝ።»

ከዚያ ስለ ባላቸው ራሳቸው ያወሩን ጀመር። ዕድሜ ልካቸውን ሊፍት ሲጠግኑ ኖረው፣ የሚኖሩት ስድስተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ፣ ወደ ቤታቸው የሚወጡት በደረጃ ነበር። አባቴ ምክንያቱን ጠየቀ።

«‹ውስጡን አውቀዋለሁ› ይለኝ ነበር» አሉና ያን ጊዜ አለቀሱ።

እናቴ ከተቀመጠችበት ተነሥታ አጠገባቸው ሄደች፤ እጃቸውንም ያዘች።