የውሃ ፓምፑ የማን ወገን ነው?

አስማማው ሽማግሌ በላከበት ቀን እቤቱ ቁጭ ብሎ ጥፍሩን መብላት ነበረበት። ሥርዓቱ እንደዚያ ነው፤ ሽማግሎቹ ይሄዳሉ፣ አግቢው ይቀራል፣ ልጅቷ ጓዳ ትሆናለች። አባትየው ደግሞ ወሬውን ከነፍስ አባታቸው እስከ ባጃጅ ሹፌሩ ድረስ ሁሉም ሹክ ያላቸው ቢሆንም፣ ዛሬ ገና እንደሰሙ ሆነው ይደነግጣሉ። አስማማው ግን አላስቻለውም። ሽማግሎቹን ያመጣው የአቶ አዳነ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ጋቢ ተከናንቦ ተኝቶ፣ የእሌኒን አባት በር በመስኮቱ ጥግ ይሰልላል።

እሌኒን የወደዳት ዩኒቨርሲቲ እያሉ ነው። ዛሬ ወይ እሷን ይሰጡታል፣ ወይ ደግሞ ደብረ ታቦርን ለቆ ማንም የማያውቀው አገር ሄዶ ጎማ ሲነፋ ይኖራል። ሁለቱንም አስቦባቸዋል።

እንዲያው ሲታይ የሚያሳስብ ነገር አልነበረም። የእሱ እናት፣ ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ መናኸሪያው አጠገብ የሞተር ዕቃ ይሸጣሉ። የእሷ አባት፣ አቶ ቢሆነኝ፣ ከመንገዱ ማዶ ራዲያተርና የራዲያተር ዘመድ አዝማድ ይሸጣሉ። የገሳይን ዳገት ይዞ ወጥቶ፣ ሆዱ ፈልቶ፣ እንፋሎቱን እየተፋ የተመለሰ መኪና ሁሉ መጀመሪያ የሚቆመው እሳቸው ደጅ ነው። ሁለቱ ቤቶች ተስማምተው የጋራ የኦንላይን ሱቅ ከፍተዋል፤ አንበሳሜ ከተማ ያለ ሰው በስልኩ ያዛል፣ ሚኒባስ ያደርስለታል። ዕቃውን በየምድቡ የመደልደሉ ሥራ በሜካኒካል ምህንድስና ለተመረቀው ለአስማማው ተሰጠ።

አስማማው መቼም ትሑት ነው፣ ሲጀምር ሁለቱንም ወላጆች አማክሮ ነበር። እናቱ፣ «ምድቡ ሁለት ነው ልጄ፤ የሚሸጥና የማይሸጥ» አሉት። አቶ ቢሆነኝ ደግሞ ለረጅም ጊዜ አስበው፣ «የሚሞቅ፣ የሚቀዘቅዝ፣ የሚጮህ» ብለው ደመደሙ። እሱ ሁለቱንም አመስግኖ፣ ሞተር፣ ማቀዝቀዣ፣ ካምቢዮ፣ ፍሬን፣ መብራት ብሎ በራሱ መንገድ ከፈለው። ምን እንደሆነ ያልገባውን ሁሉ «ሌሎች» ውስጥ ወረወረው። «ሌሎች» በአንድ ሳምንት ውስጥ ከሁሉም ምድብ ትልቁ ሆነ።

ጥፋቱ የተፈጠረው ትናንት ከሰዓት ነው። ስልኩን እየነካካ ሳለ፣ የውሃ ፓምፑ «ማቀዝቀዣ» ውስጥ ተቀምጦ አየው። የተማረው ትምህርት ቆነጠጠው። ፓምፕ የሚታሰረው ሞተር ላይ፣ የሚሾረው በሞተር ቺንጊያ፤ እንዴት ሆኖ ነው እዚያ የተገኘ? በአውራ ጣቱ ጎትቶ የእናቱ ዕቃ ወዳለበት ወደ «ሞተር» አስገባው። ከዚያ ሻይ ጠጣ። ነገ ሽማግሌ እንደሚልክ ያውቃል፣ ፓምፑንም ያውቃል፤ ሁለቱን ግን አላገናኛቸውም።

በሩ ተከፈተ። ከሽማግሎቹ አንዱ፣ አቶ አዳነ፣ ግንባራቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ወጡና ቀጥ ብለው ወደ ሚኒባሱ መጡ። ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና መሪ ላይ የጨረሱ፣ ጡረታ ሲወጡም ሚኒባስ የገዙ ሰው ናቸው።

«ውጣ» አሉት።

«ሰጡን?»

«የምን መስጠት! ገና አልተቀመጥንም እኮ። መሪጌታ ይሻው ጉልበታቸው ሊከዳቸው ነው።»

ልጅ የሚጠይቅ ሽማግሌ ጉዳዩ እስኪሰማለት ድረስ አይቀመጥም። አስማማው ከወንበሩ ተነሣ።

«ምን አሏችሁ?»

«ስለ ልጅቷ አፋችንን ሳንከፍት፣ ‹ፓምፔ የት አለ?› አሉን። እኛ ምን እናውቃለን! መሪጌታ ደግሞ የሚጠየቁት ጥያቄ ሁሉ ከመጽሐፍ እየመሰላቸው መልስ ጀምረው ግማሽ ላይ ቆሙ። በል ና፣ አንተ ነህ የምታውቀው።»

በከተማዋ ታሪክ የገዛ ራሱ ሽምግልና ላይ በባለሙያነት የተጠራ ሙሽራ ከአስማማው በፊት ነበረ ለማለት ይከብዳል። ጋቢውን እንደተከናነበ ገባ።

አቶ ቢሆነኝ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሦስቱ ሽማግሎች ቆመዋል፤ መሪጌታ ይሻው መቋሚያቸው ላይ ተንጠልጥለው፣ አቶ አዳነ ግድግዳውን ተደግፈው። የመሬት አስተዳደር ሠራተኛው አቶ ማሩ ደግሞ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እግራቸው ላይ ያርፋሉ።

«መጣህ? ና እስቲ» አሉ አቶ ቢሆነኝ፣ ስልካቸውን እያቀበሉት። «እዚህ ላይ ምን ይላል?»

«ማቀዝቀዣ።»

«ውስጡስ ምን አለ?»

«ራዲያተር... የራዲያተር ክዳን... ቱቦ... ማራገቢያ...»

«እሺ?»

«በቃ።»

«በቃ!» አቶ ቢሆነኝ ወደ ሽማግሎቹ ዞሩ። «ሰማችሁ አይደል? በቃ አለ! ከቅዳሴ መልስ ስልኬን ብከፍት ፓምፑ የለም። ሌባ ገባ ብዬ ነጠላዬን እየጎተትኩ ሱቅ ድረስ ሮጥኩ። ፓምፑ መደርደሪያው ላይ ቁጭ ብሏል። ከስልኩ ግን ወጥቷል። ዛሬ ከስልክ የወጣ ነገ ከመደርደሪያ አይወጣም ብሎ ማን ዋስ ይሆነኛል?»

«ጋሽ ቢሆነኝ፣ ምድቡን ነው እንጂ የቀየርኩት፣ ዕቃው እኮ የእርስዎ ነው...»

«ዝም በል! ዕቃው የኔ መሆኑን አንተ ነህ የምትነግረኝ?»

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ነገሩን ከሥሩ እንየው። ልጄ፣ ይኼ ፓምፕ የምትሉት ውሃውን ከማን ነው የሚቀዳው?»

«ከራዲያተር፣ አባ።»

«ለማን ነው የሚያጠጣው?»

«ለሞተር።»

«የሚያድረውስ?»

«ሞተሩ ላይ ነው፤ በብሎን ታስሮ።»

«ታስሮ!» መሪጌታ አዘኑ። «እንግዲህ ቀድቶ የሚያቀርብ ከሆነ እንደ ዲያቆን ነው። ዲያቆን የሚቆጠረው በሚያገለግልበት ደብር ነው ወይስ በሚያድርበት ቤት?»

«በሚያገለግልበት» አሉ አቶ ማሩ።

«የሚያገለግለውስ ማንን ነው?»

አቶ አዳነ አላስቻላቸውም። «እኔ የማውቀውን ልናገር። ፓምፕ ሲሞት የሚቃጠለው ሞተር ነው። ለቅሶ ላይ ደረቱን የሚመታው ደግሞ የቅርብ ዘመድ ነው።»

«አዳነ!» አቶ ቢሆነኝ ከወንበራቸው ተነሡ። «አንተ የመጣኸው ልጅ ልትጠይቀኝ ነው ወይስ ልትፈርድብኝ?»

«ኧረ በኢየሱስ! እንዲያው አፌ ላይ መጣብኝ።»

አቶ ማሩ ሥራቸው ሆኖ፣ ወሰን ማካለል ይቻላል አሉ። ከራዲያተሩ ጠርዝ ተነሥቶ እስከ ሞተሩ ጠርዝ ተለክቶ፣ ፓምፑ ወደየትኛው እንደሚቀርብ ታይቶ፣ አዋሳኝ ባለበት ይወሰናል። ቺንጊያው አዋሳኝ ተደርጎ ይቆጠር እንደሆነ ግን መመሪያው ስለማይገልጽ የበላይ አካል መጠየቅ አለበት።

አስማማው እፎይ የሚልበት መንገድ የመጣለት መሰለው። «ለምን በሁለቱም አናስገባውም? ሲስተሙ ይፈቅዳል። አንድ ዕቃ ሁለት ምድብ ውስጥ ሊታይ ይችላል።»

መሪጌታ አማተቡ።

«ሁለት ቤት?»

«አዎ፣ እዚህም ይታያል፣ እዚያም ይታያል።»

«ልጄ» አሉ መሪጌታ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሚስት ልትጠይቅ በመጣህበት ቀን ‹አንዱ በሁለት ቤት ይደር› ትላለህ?»

«አያችሁ ሐሳቡን!» አቶ ቢሆነኝ እጃቸውን አጨበጨቡ። «አያችሁ የሆዱን!»

«በሁለት ስም የተመዘገበ ይዞታ ደግሞ ያስጠይቃል» አሉ አቶ ማሩ።

አስማማው ጋቢውን ወደ አፉ ሳበ።

መሪጌታ ይሻው ግን የሰው ነገር በመሸምገል የቆዩ ሰው ናቸው። ዓይናቸው እርጥብ ሆነ፤ ነገሩ የገባቸው መሰላቸው። ወደ አቶ ቢሆነኝ ጠጋ ብለው ትከሻቸውን ያዙ። «አቶ ቢሆነኝ፣ እንረዳዎታለን። አባት ነዎት። ያሳደጉት፣ ያቀማጠሉት፣ ዓይን በዓይን እያዩት የኖሩት ከቤት ሲወጣ አንጀት ይበላል። ግን የትም አይሄድም። መንገድ ተሻግሮ እኮ ነው። በበዓል ይመጣል፣ ልጆች ይዞ ይመጣል...»

«ፓምፑ?»

«ልጅዎን ነው የምልዎት እንጂ! እሌኒን! ውስጥዎን የበላዎት የእሷ መሄድ አይደለም እንዴ?»

አቶ ቢሆነኝ የመሪጌታን እጅ ከትከሻቸው አወረዱት። «ስለ ልጄ ማን አነሣ? ልጄማ ትሂድ! ዛሬውኑ ውሰዷት፤ ሚኒባስ ይዛችሁ መጥታችሁ የለም እንዴ? እኔ የማወራው ስለ ፓምፑ ነው!»

ጓዳ ውስጥ አንድ ክዳን ወደቀ። እየተንከባለለ ሄዶ፣ ሄዶ፣ ቆመ። መጋረጃው ተገለጠና እሌኒ ወጣች።

በእንዲህ ያለ ቀን ልጅቷ አትወጣም። መሪጌታ ወለሉን አዩ፣ አቶ ማሩ ጣሪያውን አዩ፣ አቶ አዳነ ግን ደስ ብሏቸው እሷን አዩ።

«አባባ፣ እስቲ ያቺን ነገር ይድገሟት።»

«የቷን?»

«‹ልጄማ ትሂድ› ያሏትን።»

አቶ ቢሆነኝ ቁጭ አሉ። «ልጄማ ትሂድ... ግን ቀስ ብላ።»

እሌኒ ወደ አስማማው ዞረች። ጋቢው ውስጥ ሰጥሞ አፍንጫው ብቻ ነው የሚታየው።

«አንተስ? አሁን እዚህ፣ በሽማግሎቹ ፊት፣ ‹ፓምፑን ወደ አባቴ ምድብ መልስልኝ› ብልህ ትመልሳለህ?»

መልሱ አንድ ቃል ነበር። ከቃልም አጭር ነበር፤ ራስ መነቅነቅ ብቻ ይበቃ ነበር። የመሬት አስተዳደሩ አቶ ማሩ እንኳ ያለ መመሪያ ያውቁት ነበር። አስማማው ግን የተማረ ሰው ነው።

«እንግዲህ... በቴክኒክ አነጋገር...»

አቶ አዳነ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። «ገደል ገባን» አሉ በጣቶቻቸው መሐል።

እሌኒ ነጠላዋን አስተካከለች። «መሪጌታ፣ ለድካማችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ይኼ ልጅ ፓምፑን ያግባ። አባባ ይመርቋቸዋል፣ እኔ ድግሱ ላይ ወጥ እሠራለሁ።» ወደ ጓዳ መንገድ ጀመረች።

ያን ጊዜ ነው አስማማው ውስጥ የሆነ ነገር ሙቀቱ ከልክ ያለፈው። ምህንድስናው፣ ቺንጊያው፣ ብሎኑ፣ ሁሉም ተነነ። ጋቢው ከትከሻው ወደቀ። ሮጦ ፊቷ ቆመና ስልኩን ዘረጋላት።

«እንቺ ውሰጂው! ፈለግሽ መብራት ውስጥ አስገቢው፣ ፈለግሽ ፍሬን ውስጥ ክተቺው! ፓምፕ የሚባል ነገር ዓለም ላይ ባይኖር ግዴለኝም። አንቺ ብቻ ጓዳ አትግቢ!»

እሌኒ ስልኩን ተቀበለችው። ስክሪኑን አየችና ቅንድቧን አነሣች። «የይለፍ ቃል ይላል።»

አስማማው ቀላ። «ለብቻችን ስንሆን...»

«እዚሁ በለው።»

«እሌኒ፣ በናትሽ...»

«እዚሁ!»

አስማማው የሽማግሎቹን ጫማ እያየ፣ «‹እሌኒዬ ወለላዬ ሞቼልሽ›» አለ። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ፣ «ያለ ክፍተት ነው የሚጻፈው» ብሎ ጨመረ።

አቶ አዳነን ሳል ያዛቸው። መሪጌታ የመቋሚያቸውን ጫፍ፣ ከዚህ በፊት አይተውት እንደማያውቁ ሁሉ፣ መመርመር ያዙ። አቶ ቢሆነኝ፣ «ወለላዬ?» አሉ ለራሳቸው። የእሌኒ ከንፈር በአንድ በኩል ፈገግ ሊል ሲል ነከሰችውና ወንበር ላይ ቁጭ ብላ መጻፍ ጀመረች። ስትጨርስ ስልኩን ለሁሉም አዞረች።

አዲስ ምድብ ተከፍቷል። ስሙ «እሌኒ» ነው። ውስጡ አንድ የውሃ ፓምፕ አለ።

«ከዛሬ ጀምሮ ፓምፕ የፈለገ እኔ ጋ ይመጣል። ሁለታችሁም ጭምር። በዚህ ከተስማማችሁ አገባለሁ፣ ካልተስማማችሁ ወጡን እሠራለሁ።»

አቶ ቢሆነኝ አሰቡ። ፊታቸው ቀስ በቀስ በራ። «በልጄ ስም ከሆነማ ያው ቤቴ ነው።»

አስማማውም አሰበ። እሷ የምታገባው እሱን ከሆነ ፓምፑም ያው ወደ እሱ ቤት ነው የሚመጣው። ከዛሬው ተምሯልና ይህችን አልተናገራትም።

«እንግዲህ ሰጥቻለሁ!» አሉ አቶ ቢሆነኝ። ሦስቱ ሽማግሎች በአንድ ላይ «እፎይ!» ብለው ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው እንደ ደረቀ እንጨት ተንቋቋ። ጠላ ተቀዳ። መሪጌታ ይሻው እጃቸውን ዘርግተው ምርቃቱን ጀመሩ። እሌኒ አንገቷን በትሕትና ደፍታ፣ ስልኩን እንደያዘች፣ አባቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«የአብርሃምና የሣራ ጋብቻ ያድርግላችሁ!»

«አሜን!»

የአቶ ቢሆነኝ ስልክ ጢን አለ። በአንድ ዓይናቸው አዩት። «ራዲያተር ወደ ‹እሌኒ› ተዛውሯል» ይላል።

«ቤታችሁን ይሙላላችሁ!»

«አ... ሜን።»

ስልኩ እንደገና ጢን አለ። ቱቦው ሄደ። ማራገቢያው ተከተለ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ደወሉ፤ ድምፃቸው ያለ ማጉያ ቤቱን ሁሉ ሞላው፤ «አቶ ቢሆነኝ! ፒስተኖቼ የት ሄዱ? ልጄን አገናኙኝ!»

አቶ ቢሆነኝ ስልኩን ዘግተው ወደ አማቻቸው ጆሮ ተጠጉ። «አንተ፣ ማስቆም አትችልም?»

«የይለፍ ቃሉን ቀይራዋለች» አለ አስማማው፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

«ምን ብላ?»

«አልነገረችኝም።»

«ምንድን ነው ሹክሹክታው?» አሉ መሪጌታ፣ እጃቸው በአየር ላይ እንደተዘረጋ። «ምርቃት ላይ ነን እኮ! ያላችሁን ሁሉ አንድ ያድርግላችሁ!»

አማትና አማች ተያዩ።

«አሜን» አሉ።