የበሪሶ ቡናና የግራዝማች ገበጣ

በጃንሆይ ዘመን ነው፤ የዚያን ዓመት ኅዳር ቡና እንደ ጉድ ያዘ። ከዲላ በላይ ባለው ዳገት፣ በእንሰቱ መሀል፣ የበሪሶ ቡና ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ቀልቶ ነበር። ባለቤቱ ግን አጠገቡ አልነበረም። በሪሶ ከተማ ወርዶ፣ በግራዝማች ሠረቀብርሃን በረንዳ ላይ ተቀምጦ ገበጣ ይማር ነበር።

ግራዝማች የመሬቱ ጌታ ናቸው፤ በሪሶ ጭሰኛቸው ነው። ሪህ ጉልበታቸውን ይዞ ከቤት ካዋላቸው ወዲህ የሚያጫውታቸው ሰው ጠፋ። የገበጣ ጓደኛቸው ባላምባራስ ገብረኪዳን በነሐሴ ሞተዋል። ጎረቤቱም አመላቸውን ያውቃል፤ አንዴ ካስቀመጡ ሳይመሽ አይለቁም። ታዲያ በሪሶ ለሚካኤል ማር ይዞ ቢመጣ፣ «ና፣ ተቀመጥ» አሉት። ክብር መስሎት ተቀመጠ። ምነው ያን ቀን እግሩን በሰበረው!

ከዚያ ወዲህ የግራዝማች አሽከር ደመላሽ ጠዋት ጠዋት ደጁ እየቆመ «ጌቶች ይጠሩሃል» ይለዋል። ቡናዬ ደርሷል ብሎ መቅረት አለ እንዴ? ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል፤ ለጭሰኛ ደግሞ ንጉሡ ሩቅ ነው፣ ግራዝማች ቅርብ ናቸው።

ገበጣው ከዋንዛ የተፈለፈለ፣ በሁለት ረድፍ ዐሥራ ሁለት ጉድጓድ ያለው ነው። በየጉድጓዱ አራት አራት ጠጠር ይገባል። ተጫዋቹ አንዱን ጉድጓድ ሙልጭ አድርጎ ያፍስና በየጉድጓዱ አንድ አንድ እያለ ያድላል፤ የመጨረሻዋ ጠጠር ሦስት ካለበት ገብታ አራት ካደረገችው ይበላል። ይኸው ነው።

በሪሶ ግን ሙልጭ ማድረጉ አልሆነለትም። የእንሰት ሰው ነዋ! የእንሰት ሰው ትልቁን ሲነቅል በቦታው ትንሹን ሳይተክል አያድርም፤ ባዶ ጉድጓድ ሲያይ ሆዱ ይባባል። እጁ ሳያስበው አንዲት ጠጠር ትቶ ይነሳ ነበር።

«ለማን ነው የምታስቀረው? ለልጅ ልጅህ?» ይላሉ ግራዝማች፣ ሳል እስኪይዛቸው እየሳቁ።

«ጌታዬ፣ ይቺ ጨዋታ እኔን እምቢ አለ» አላቸው በሳምንቱ፣ በተሰባበረ አማርኛው። «ቡናዬም ደርሷል። ሌላ ሰው ይፈልጉ።»

«ቡና የት ይሄዳል? ዛፍ ላይ ነው» አሉት። ማሸነፍ ደስ ይላቸዋል፤ በሪሶን በቀን ስምንት ጊዜ ያሸንፉታል።

ዳገቱ ላይ ሚስቱ ማሚቱ ሕፃን አዝላ ብቻዋን ትለቅማለች። የበሰለው እጇን ቀድሞ ይረግፋል፤ የቀረው ዛፉ ላይ ይጠቁራል። ጎረቤት እንዳያግዛት ሁሉም የራሱ ቡና ላይ ነው። በሪሶ ማታ ሲመለስ ከዛፉ ሥር የወደቀውን እያየ ያልፋል፤ ማሚቱን ቀና ብሎ ማየት ያፍራል።

«የሚያስጠራህ መሸነፍህ ነው» አለችው አንድ ቀን። «ደስታቸው እሱ ነው። እሾህን በእሾህ ነው፤ እርታቸው። ሲናደዱ ያባርሩሃል።»

እውነት መሰለው። ለምን አይመስለውም? ተሸንፎ ያልተገላገለ ሰው ከማሸነፍ በቀር ምን ቀረው? እሑድ ከጸሎት መልስ መሬት ላይ ዐሥራ ሁለት ጉድጓድ ማሰ፤ የደረቀ የቡና ፍሬ ጠጠር ሆነ፣ ማሚቱ ግራዝማች ሆነች። አንዲት ፍሬ ባስቀረ ቁጥር እጁን መታ እያደረገች ሙልጭ ማድረግ አስተማረችው። የሳቁትም ያን ቀን ብቻ ነው።

ሐሙስ ዕለት በሪሶ ሙልጭ አድርጎ አፈሰ፤ አደለ፤ በላ። ደግሞ አፈሰ፤ ደግሞ በላ። ግራዝማች መሳቅ ተዉ። ፊታቸው ካለው ረድፍ አንድም ጠጠር ጠፋ። በሪሶ ስድቡን ይጠብቃል፤ ከዘራውንም ይጠብቃል። በሆዱ «ጥፋ ይበሉኝ፣ ጥፋ ይበሉኝ» ይላል።

ግራዝማች ቀና አሉ። ዐይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ገብረኪዳን ከሞተ ወዲህ የሚረታኝ ሰው አላገኘሁም ነበር» አሉና ስበው ጉንጩን ሳሙት። «እንዲህ ያለ ጭንቅላት ጭቃ ለጭቃ አይዞርም። ከነገ ጀምሮ በሩ አጠገብ ያለችው ክፍል ያንተ ናት። ሚስትህን ይዘህ ግባ፤ ወጥ ቤት ታግዝ። ቀለባችሁ ከእኔ ነው። መሬቱን ለደመላሽ ሰጥቼዋለሁ፤ ቡናውን እሱ ይልቀመው። አንተ ከእንግዲህ አትለፋ።»

በሪሶ አፉን ከፈተ። ቡናውን የተከለው አባቱ ነው፤ እንሰቱን ራሱና ማሚቱ ናቸው። ይህን ሊናገር ፈለገና አማርኛው ከዳው። ባይከዳውስ ምን ሊል ነው? ስድብ ቢሆን ይችለዋል፤ ዱላ ቢሆን ይሸሻል። ቸርነትን በምን ይመክተዋል?

«እጅ ንሳ እንጂ፣ ምን ያፈዝሃል!» አለው ደመላሽ ከኋላው፤ ፊቱ በርቷል።

በሪሶ ዝቅ ብሎ የግራዝማችን ጉልበት ሳመ። ቀና ሲል ግራዝማች ጠጠሩን በየጉድጓዱ ሞልተው ጨርሰዋል።

«በል፣ ያሸነፈ ይጀምራል» አሉት።