ሰርግ ላይ የወረደ ሙሾ

ሰው ሁሉ ሊጨፍር ብድግ ሲል ተፊዳ የያዘችው የእርግብ ጭን ከእጇ ወደቀ። ከድምፅ ማጉያው የሚወጣው የገዛ ድምፅዋ ነበር።

መጀመሪያ ጆሮዋን ተጠራጠረች። ከበሮ ገብቶበታል፣ ፉጨት ገብቶበታል፣ አንድ ጎረምሳ ደግሞ በየመሃሉ «ሄይ! ሄይ!» ይላል። ቢሆንም ሰው የገዛ ጉሮሮውን እንዴት ያጣዋል?

ሂናው ተበጥብጧል፣ እጅሽን አምጪ፣
አጃቢው ደጅ ቆሟል፣ ሙሽራዬ ውጪ!

ሙሽሪት ወጣች። ኮረዶቹ እልልታውን አቀለጡት። ተፊዳ «የማንን ልጅ ነው የምትጠሩት? ዝጉት! ዝጉት ነው የምላችሁ!» ብላ ጮኸች፤ ማን ሰምቷት! ይባስ ብሎ አንዲት ወገቧን ያሰረች ልጅ መጥታ «ተነሺ እንጂ እማማ፣ ዛሬ እኮ የደስታ ቀን ነው!» ብላ እጇን ጎተተቻት። ተፊዳ ያን ጊዜ ተዝለፍልፋ ወደቀች፤ ወደ ቤቷም የወሰዷት ተሸክመው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተፊዳ ሙሾ አውራጅ ናት። በደቡብ ግብፅ፣ ከሶሃግ ከተማ በታች ባሉት መንደሮች ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚጠራው ገናዥ ነው፣ ቀጥሎ ተፊዳ። የመስጊዱ ሼኽ በየጁምዓው ሙሾ ኃጢአት ነው እያለ ይገስጻል፤ የገዛ እናቱ የሞተች ለት ግን ሰው ልኮ ያስጠራት እሱው ነው። እንግዲህ አንድያ ልጇ ነስማ ታጭታ፣ ሂናዋ ተገዝቶ፣ ሳጥኗ ተሸልሞ ሳለ ድንገተኛ ትኩሳት ሲነጥቃት ሌላ አልቃሽ አልተፈለገም። እናት ራሷ አወረደች። በዚያ አገር ሳትዳር ለሞተች ልጅ የሚወርደው ሙሾ የሰርግ ቃል ነው የሚለብሰው። ሂና ይላል፣ አጃቢ ይላል፣ ሙሽራ ይላል፤ ልብ የሚበጥሰው ጫፉ ላይ ሲደርስ ነው፦

ቤቱ መስኮት የለው፣ በሩ አይከፈትም፣
የገባች ሙሽራ ለመልስ አትመጣም።

ይህን ራውያ በስልኳ ቀዳችው። ራውያ የተፊዳ ባል የእህት ልጅ ናት፤ ክፋት የሚባል አታውቅም። ኩዌት ያለችው አክስቷ ለቀብሩ መድረስ ስላልቻለች፣ እሷም እዚያው ሆና ትንሽ ታልቅስ ብላ ነው። አክስት ለጓደኛዋ ላከች፣ ጓደኛ ለጓደኛ፤ ሲሄድ ሲሄድ የመጨረሻዎቹ ሁለት ስንኞች መንገድ ላይ ተቆርጠው ቀሩ። የቀረው ካይሮ ደርሶ ዚዞ ሻጣ የሚባል የሰርግ ዘፋኝ እጅ ገባ። ሻጣ እንግዲህ ሚጥሚጣ ማለት ነው፤ ስሙን ያወጣለት ማን እንደሆነ እንጃ።

ራውያ በጥፋቷ ተቃጥላ የዘፋኙን ስልክ ቁጥር አፈላልጋ አገኘችው፤ ደውላም ለተፊዳ ሰጠቻት።

«ሐጃ፣ ወላሂ የሰርግ ዘፈን መስሎኝ ነው!» አለ ዚዞ።

«ሲቃዬን አልሰማኸውም?»

«እሱንማ ሰማሁ። የሙሽራ እናት መቼም ታለቅስ የለ እንዴ?»

እውነቱን ነው፤ የሙሽራ እናት ታለቅሳለች።

«እሺ አሁን አውቀሃል። አጥፋልኝ።»

«በእጄ የለም እናቴ። ለኩባንያው ፈርሜ አስረክቤያለሁ። ገንዘብ ከሆነ ግን አነጋግሬ...»

«የልጄን ሬሳ ልሽጥልህ?» አለችና ዘጋችበት።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ በአይኗ አልዞረም። ከሸንኮራው ማሳ ማዶ ሰርግ በተደገሰ ቁጥር፣ ሚኒባስ በመንገዱ ባለፈ ቁጥር፣ «ሙሽራዬ ውጪ» ይላል። ለሌላው ዘፈን ነው። ለተፊዳ ግን አፈር የለበሰችው ልጇ በየማታው ተነሺ እየተባለች በሰው አደባባይ መጠራቷ ነው። «ልጄን አላስተኛ አሏት» እያለች ደረቷን ትመታለች፤ ባሏ ኸለፍም ከአልጋው ሆኖ እየሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ሌላ ምንም አልፈለገችም፤ ዘፈኑ ዝም ይበልላትና ልጇ ትረፍ።

ራውያ ሶሃግ ከተማ ወስዳ ከጠበቃ ጋር አገናኘቻት። በዚያ አገር ጠበቃን እንደሚጠሩት ኡስታዝ ሙንተሲር ይባላል፤ ወጣት ነው፣ ሲናገር መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ይጠርጋል።

«ሐጃ፣ ግጥሙን ማን ጻፈው?»

«ማን ይጽፈዋል ልጄ? ሙሾ ነው። እኔ ከእናቴ፣ እናቴ ከእናቷ።»

«እንግዲያው የሕዝብ ቅርስ ነው፤ የኔ ብለው ሊከሱበት አይችሉም። ዜማውስ?»

«እሱም እንደዚያው።»

«የቀዳው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለች ራውያ፣ «ግን ምንም አልፈልግም! እጄን በቆረጠው!»

«ለማንም ፈርመሽ ሰጥተሻል?»

«ለማን ልፈርም? ለአክስቴ?»

ተፊዳ ተራ በተራ አየቻቸው። «ቃሉ የኔ ካልሆነ፣ ዜማው የኔ ካልሆነ፣ ታዲያ የኔ ምኑ ነው?»

«ድምፅዎ» አላት ጠበቃው። «ቃሉ የሁሉም ቢሆን ያወረዱት እርስዎ ነዎት። ያለፈቃድዎ ሊያዛቡት፣ ከበሮ ጨምረው ለማይሆን ነገር ሊያውሉት አይችሉም። ይህን ሕጉ ያውቅልዎታል።»

ተፊዳ ሕግ የሚባለው ነገር ስለ ለቅሶ ማወቁ ደነቃት፤ ቤት እስክትገባ ድረስም ሙንተሲርን ስትመርቀው ዋለች።

ክስ ተመሠረተ፤ የኩባንያው ነገር ግን አልሸሹም ዞር አሉ ሆነ። ድምፁ የሷ አይደለም፣ ካይሮ ውስጥ ቀጥረን ያስዘፈንናት ሌላ ሴት ናት ብሎ መለሰ። ራውያ የቀዳችበትን ስልክ ከሸጠችው ቆይቷል፤ የአክስትየዋም ቅጂ ጠፍቷል። የመንደሩ ሴቶች ሁሉ እሷው ናት ብለው ቢምሉም ዳኛው በጆሮ ምስክር አልፈርድም አለ። በመጨረሻ ባለሙያዎች ያመሳክሩ ተባለ፤ ተፊዳ ያንኑ ሙሾ እንደዚያው አድርጋ እፊታቸው ልታወርድ፣ እነሱም ከዘፈኑ ጋር ሊያስተያዩት።

ካይሮ ሄዱ። ግድግዳው ስፖንጅ የለበሰ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገቧት፤ ሦስት ሰዎች ከመስተዋት ኋላ ተቀምጠዋል።

«እሺ ሐጃ፣ ይጀምሩ» አላት አንዱ።

«ማን ሞተ?» አለች ተፊዳ።

«ኧረ ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ ምን ብዬ ላወርድ?»

«ለናሙና ነው እንጂ...»

«ናሙና የሚባል ሙሾ የለም ልጄ። ሬሳ በሌለበት ቤት ሙሾ ማውረድ ሞትን ስሙን ጠርቶ ና ግባ ማለት ነው። ቤቴ ውስጥ ሳንባው ያለቀ ባል አለኝ።»

ወጣቱ ባለሙያ ሳቁን ሊቆጣጠር ሞክሮ አቃተው። ከጎኑ ያለው ሸምገል ያለ፣ በንግግሩ የደቡብ ሰው፣ «ተዋት እባክህ፤ የኔም እናት ይቺው ነበረች» አለና ወረቀቱን ሰብስቦ ተነሳ። ቀጠሮ ሰጧት። እስከዚያ ድምፅዋን ካላቀረበች መዝገቡ ይዘጋል።

ደጅ ሲወጡ ሙንተሲር ትዕግስቱ አለቀ። «ሐጃ! ሁለት ስንኝ ብቻ እኮ ነው! ሁለት ስንኝ!»

«ላንተ ሁለት ስንኝ ነው። ለኔ ኸለፍ ነው።»

ኸለፍ ከአልጋው ሆኖ ጠበቃት። የኦክስጅኑ ቱቦ ከአፍንጫው ሥር አለ፤ ነገር ከአፉ ግን አይጠፋም።

«እህ፣ ካይሮ ሄደሽ ዘፋኝ ሆነሽ ተመለስሽ?»

«ዝም በል አንተ ሽማግሌ።»

የሆነውን ነገረችው። ሳቀ፣ ሳቁ ሳል ሆነበት፣ ጀርባውን እስክትደበድብለት ድረስ አሳለው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ለኔ ብለሽ ነው? እኔ እንደሁ አንድ እግሬ ወጥቷል። አውርጂውና ሁለተኛውን ላስከትል።»

«ሟርተኛ! ምላስህን ቁረጠው!»

ኸለፍ እጇን ያዛት። «እንግዲያው ስሚኝ፣ የነስማ እናት። ስሞት ከገናዡ በፊት ጠበቃውን አስጠሪ። ለኔ አታውርጂልኝ። የሷን አውርጂ። ሬሳ ቤት ውስጥ አለ፤ ሕጉም ይሞላል፣ ልማዱም ይሞላል።»

«ጥርሱ ላለቀ ሽማግሌ ሂናው ተበጥብጧል ልበል? ሰው ምን ይለኛል?»

«ያሻውን ይበል። ልጄን ከመንገድ ላይ አስገቢልኝ።»

ተፊዳ አንገቱ ሥር ገብታ አለቀሰች። ኸለፍ ምን እንደሚሰጣት ታውቃለች። በዚያ አገር ሙሾ የሚወርደው ሬሳው ከቤት እስኪወጣ ብቻ ነው፤ ቃሬዛው ደጃፉን ካለፈ በኋላ ለቅሶ እንጂ ሙሾ የለም፤ ለአንድ ሬሳም አንድ ሙሾ ነው፤ ሁለተኛ ከወረደ ሁለተኛ ሬሳ ይጠራል። አገር ሙሉ ስታስለቅስ ለኖረች ሴት ባል ደግሞ፣ በሷ አፍ መለቀስ ትንሽ ክብር አልነበረም። ያን ክብሩን ነው ለልጁ የሰጠው።

ቀጠሮው ሳይደርስ፣ በሸንኮራው ቆረጣ ወቅት፣ ቀትር ላይ፣ ኸለፍ አረፈ።

ሙንተሲር እንደተጠራ ከተፍ አለ። ከወንዶቹ ተለይቶ መቅጃውን ጭኑ ላይ አድርጎ ከመስኮቱ ሥር ተቀመጠ። ሴቶቹ ክፍሉን ሞሉት። ኸለፍ ታጥቦ፣ ተከፍኖ፣ መሃል ተኝቷል። ተፊዳ ሻሿን ከወገቧ አሰረች፤ ሁሉም ለባሏ ምን እንደምትል ለመስማት ጓጉቷል።

ሂናው ተበጥብጧል፣ እጅሽን አምጪ፣

ጉርምርምታ ተነሳ። «ምን ነካት?» «ሐዘን አናቷ ላይ ወጥቶባት ነው።» «ለወንድ ሽማግሌ ሂና?» ራውያ ከወዲያ ከወዲህ «ዝም በሉ፣ እሱ ራሱ ተናዝዞ ነው» እያለች ታባብላቸዋለች። ተፊዳ አልሰማቻቸውም። ድምፅዋ ያኔ ነስማን የሸኘችበት ድምፅ ነበር፤ ያው ስብራት፣ ያው ሲቃ። ሴቶቹም ገብቷቸው ማልቀስ ጀመሩ።

አጃቢው ደጅ ቆሟል፣ ሙሽራዬ ውጪ!

ያን ጊዜ ጭብጨባ ተሰማ።

የራውያ ልጅ ጀና ናት፤ ገና ጥርሷን የምትቀይር ሕፃን። ነስማን አታስታውሳትም። ይህን ቃል የሰማችው ሰርግ ላይ ነው፣ የጨፈረችበትም ሰርግ ላይ ነው። የለመደችው ነገር ሲመጣላት ፊቷ በራና ምቱን ጠብቃ አጨበጨበች። አጠገቧ ያሉት ሁለት ልጆች ተቀበሏት። አንደኛው «ሄይ! ሄይ!» አለ።

ራውያ ተስፈንጥራ ልጇን በጥፊ ልትላት እጇን አነሳች። ጀና ክንዷን ፊቷ ላይ ጋርዳ «ሰርግ አይደለም እንዴ እማ?» ብላ አለቀሰች።

«ተያት» አለች ተፊዳ። «ምን ታድርግ።»

ልትቀጥል አፏን ከፈተች። የቀሩት ስንኞች አሉ፤ ማንም ያልሰረቃቸው፣ የመቃብሩን ቤት የሚጠሩት። ግን ጉሮሮዋ የሆነ ነገር እየጠበቀ ቆመባት። ምን እንደሆነ ገባት። ከበሮውን ነበር የሚጠብቀው። የገዛ ሙሾዋ ያለ ከበሮ አልመጣላት አለ። የገዛ ልጇን ስትጠራ ውስጧ ያ ጎረምሳ ይጮሃል።

ወንዶቹ ከደጅ «ጊዜ ነው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ» አሉ። ገቡ፣ ቃሬዛውን አነሱ። ተፊዳ እጇን ወደ ኸለፍ ዘረጋች፣ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ የለም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው። ለአገሩ ሁሉ ስታለቅስ የኖረች ሴት ባሏን በዝምታ ሸኘችው።

ከቀብር መልስ ሙንተሲር ወደሷ መጣ። አይኑ ቀልቷል፤ እንደ ጠበቃም እንደ ለቅሶ ደራሽም መሆን ቸግሮታል።

«አላህ ያጽናዎት ሐጃ። ሁለቱ ስንኞች... ጥርት ብለው ተቀድተዋል። ጭብጨባው የመጣው ከነሱ በኋላ ነው። ይበቃናል። እናሸንፋለን።»

«ካሸነፍን ምን ይሆናል?»

«ያጠፉታል። ከየስልኩ ባይሆን እንኳ ከየገበያው፣ ከየጣቢያው ያነሱታል።»

ተፊዳ ጉሮሮዋን በሁለት ጣቷ ያዘች። «ከዚህስ? ከዚህ የሚያነሳልኝ ዳኛ አለ?»

ሙንተሲር መነጽሩን አወለቀ፤ ሳይጠርገው መልሶ አደረገው።

«ሂድ ልጄ» አለችው፣ «ክስህን ቀጥል። ኸለፍ ሙሾውን ሰጥቶበታል፣ በከንቱ አይቅርበት። ስትወጣ ደጅ ላሉት ሰዎች ደግሞ ንገርልኝ፤ ከእንግዲህ ሰው ሲሞትባቸው እኔን እንዳይጠሩኝ።»