ጽዳት የተባለው ኮምፒውተር

ኮምፒውተሬ ስሙ ጽዳት ነበር። ያወጣለት ታናሽ ወንድሜ ነው። ማተሚያ ቤቱን ሲከፍት እኔ ወለል ልጠርግ ገባሁ፤ የጓዳው ኮምፒውተር ደግሞ ከባልዲውና ከመወልወያው ጎን ስለተቀመጠ ጽዳት ብሎ ሰየመው። የራሱን ሥራ አስኪያጅ፣ የሚስቱን መቀበያ አላቸው። ቆይቶ አታሚው ሰውዬ ጥሎ ሄደ። ሰው እስኪገኝ ብዬ ማተሚያ ማሽኑ ላይ ቆምኩ፤ ሰውም አልተገኘ፣ እኔም አልወረድኩ። የኮምፒውተሩ ስም ግን እንዳለ ቀረ።

ማንም ካላየው ምን ገዶኝ! ችግሩ ማሽኑ ነው። እያንዳንዱን ሥራ ሲጀምር አንዲት መለያ ወረቀት ያስቀድማል፤ ሥራው ከየትኛው ኮምፒውተር እንደመጣ በትልልቅ የፈረንጅ ፊደል የምትናገር። ያቺ ወረቀት ከጥቅሉ ላይ ታስራ ደንበኛው እጅ ትገባለች። አንድ ጊዜ የልጇን የሰርግ ካርድ ያሳተመች ሴትዮ አነበበቻትና፣ የቀለም ሽርጤን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ይሄን ያተመችው ጽዳቷ ናት እንዴ? ኧረ እጇን ታጥባ ነው?»

ወንድሜ «ትታጠባለች፣ ትታጠባለች» ብሎ ሳቀ። ያ ሳቅ ከሆዴ አልወጣም።

ስንቴ ለመንኩት! «ቀይርልኝ» ስለው «ተይ እትዬ፣ የኮምፒውተሮቹ መስመር ይበጣጠሳል፤ ደግሞ ስም ምን ያደርግልሻል?» ይላል።

«ምንም ካላደረገ ያንተን ጽዳት በለውና የእኔን ሥራ አስኪያጅ በለው» አልኩት።

እሱንም እንደ ቀልድ ሳቀበት።

ታዲያ በቀደም አዳዲስ ኮምፒውተሮች መጡ። የሚተክላቸው የወንድሜ ሚስት ወንድም ነው፤ ከቅጥነቱ የተነሳ ኬብል እንለዋለን። ጠዋት ወንድሜ የክፍሌ በር ላይ ቆሞ ሲያዘው ሰማሁ፤ «ስማቸው እንደ ድሮው ይሁን፣ ሰው እንዳይደናገር።» በቃ፣ ደሜ ፈላ። ዛሬ ጽዳት ከተባለ፣ ይሄ ኮምፒውተር አርጅቶ እስኪጣል ጽዳት ነው። እኔም አብሬው።

ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አቃተኝ። የተቆረጠ ወረቀት አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩ። የማሽኑን ንጹሕ ሮለር ወለወልኩ። መቀበያው ድረስ ወጣሁና ለምን እንደወጣሁ ጠፍቶኝ ተመለስኩ።

«እትዬ፣ ምን ሆነዋል? መሬቱ ፈጀዎት እኮ!» አለኝ ኬብል፣ ጠረጴዛው ሥር ተጋድሞ።

«አንተ ሽቦህን ቀጥል።»

ከጠረጴዛው ሥር ወጣና በአዲሱ ኮምፒውተሬ ስክሪን ላይ አንዲት ትንሽ ፋይል አሳየኝ። ባች ይላታል። ትእዛዞቹን ቀድሞ ጽፎባት ጨርሷል፤ በየኮምፒውተሩ እየዞረ እንዳይለፋ። ሲከፍቷት ስም ትጠይቃለች፣ የተጻፈላትን ስም ለኮምፒውተሩ ትሰጣለች፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይነሳል።

«እኔ የወንድምዎን ልጨርስ። እርስዎ የድሮውን ስም ይጻፉላትና አስገባ የሚለውን ይጫኑ። ሌላ ምንም የለውም።»

«የድሮውን?»

«የድሮውን ነዋ» አለና ሄደ።

ተቀመጥኩ። ፋይሏን ከፈትኩ። ጥቁር መስኮት ወጣና ስም ጠየቀኝ። አንድ ስም ጻፍኩ። የድሮውን አይደለም። መስኮቱ አንድ ነገር ጽፎ አንገራገረ።

«አልፈቀድኩም ይላል!» ብዬ ጮህኩ።

ኬብል ከወዲያኛው ክፍል መለሰልኝ፦ «ረስቼው ነው! ፋይሏን በማውሱ ቀኝ በኩል ይጫኑና እንደ አስተዳዳሪ ክፈት የሚለውን ይምረጡ!»

«አስተዳዳሪ ለመሆን በቀኝ መጫን ብቻ ነው እንዴ? ምነው ቀደም ብለህ ብትነግረኝ!»

ሲስቅ ተሰማኝ። ምን እንደያዝኩ አላወቀም።

እንደገና ከፈትኩ። ቅድም የጻፍኩት የእኔንና የአባቴን ስም ነው፤ ያንኑ ልደግም አስቤ ነበር። ተነሳሁ። በክፍሉ መስኮት ወደ ውጭ አየሁ፣ ምንም አላየሁም፣ መጥቼ ተቀመጥኩ። ስሜማ ቤቴም አለኝ፣ ማንም አልወሰደብኝም። የነፈጉኝ ሥራዬን ነው። በአንድ ጣቴ ፊደል በፊደል እየለቀምኩ «አታሚ» ብዬ ጻፍኩና አስገባሁ። ኮምፒውተሩ ጠፋ። ልቤም አብሮት ጠፋ። «እናቴ ድረሽ፣ አቃጠልኩት» አልኩ። ተመልሶ ሲነሳ ግን ስሙን አየሁት፤ የጻፍኩት ነው።

ብዙም አልቆየ፣ የወንድሜ ሚስት ከመቀበያ ጮኸች።

«እትዬ! ኮምፒውተርዎን አጣሁት! ሥራ ልልክ ጽዳት ስለው የለም ይለኛል። ሰው ቆሞ እየጠበቀ ነው!»

ሰውዬው የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነው፤ ከሰዓት ለሚሰጡት የምስክር ወረቀት ነው የመጣው። ወንድሜ እየሮጠ ገባ።

«ምን ነካሽበት?»

«ስሙን።»

«ምኑን?»

«ስሙን ነካሁ አልኩህ። ጆሮህን ያዘህ እንዴ?»

ኬብል በስተኋላው አንገቱን ብቅ አድርጎ «ኧረ ቀላል ነው። ወይ የድሮውን እንመልሳለን፣ ወይ መቀበያው ኮምፒውተር ላይ አዲሱን እንጽፋለን» አለ።

«የድሮውን መልስ!» አለ ወንድሜ።

«ይመልስ» አልኩ። ማሽኑን አጠፋሁት። ሽርጤን ፈትቼ ላዩ ላይ ጣል አደረግኩና የወረቀት እሽጉ ላይ ቁጭ አልኩ። «ይመለስ። ግን ጽዳት ማሽን አትነካም፣ እጇ ቆሻሻ ነው። አታሚ ፈልግ።»

«እትዬ፣ በደንበኛ ፊት አታዋርጂኝ።»

«እኔን በደንበኛ ፊት ስትስቅብኝ ማን ነበርክ?»

የትኛውን ቀን እንደምል ገብቶታል፤ ፊቱ ላይ አየሁት። «እሱን እስካሁን ይዘሽዋል?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ወዴት ልጣለው?»

ርዕሰ መምህሩ ከውጭ «ወገኖቼ፣ ልጆቹ ቆመው ነው የሚጠብቁኝ!» አለ። የወንድሜ ሚስት «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቃል ነው፣ ጻፈውና እንገላገል!» ብላ ባሏ ላይ ጮኸችበት። ኬብል ሳቁን ሊውጥ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ወንድሜ ማሽኑን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ እየተነጫነጨ ወደ መቀበያው ሄደ። እኔ አልተነቃነቅሁም። ሲቀመጥ ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ።

«ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?» አለኝ ከዚያ ሆኖ።

«ጮክ በል፣ አልሰማሁህም።»

«ማን ልበለው?»

«አታሚ!»

የቁልፎቹ ድምፅ መጣ፤ ቀስ እያለ፣ እንደኔ በአንድ ጣቱ። ሥራው ኮምፒውተሬ ላይ ሲደርስ ተነሳሁ፣ ሽርጤን አስሬ ማሽኑን አበራሁት።